ከወለድኩ በኋላ ክፍል የተመለስኩበት ሳምንት

ሰኞ
«በዚህ አቴንዳንስ ፋይናል አትቀመጪም» አለኝ የስታትስቲክስ መምህራችን፣ ሁሉም እየሰማ። የሚድ ውጤቴም አያስደስትም። ከወለድኩ ወዲህ ቤት ሆኜ ሃንድአውት እያነበብኩ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ሃንድአውቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፈተናው የመጣው ግን መምህሩ ክፍል ውስጥ ቦርድ ላይ ከሠራው ነው። ልጄን ናሆምን አከራዬ ጋ ትቼው ስለመጣሁ ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን አረጠበው። በደብተር ሸፍኜ ወጣሁ።

ማክሰኞ
መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ክፍላችን ብዙ ተማሪ ስላለው መውለዴን አላወቀም ነበር።
«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።
አፍሬ ነበር። ፋይናል እንድቀመጥ ዲፓርትመንቱን ሊጠይቅልኝ ተስማማ። «ግን ከእንግዲህ እንዳትቀሪ። ስትቀሪ የሚያመልጥሽን ሃንድአውት አይመልሰውም።»
ደስ ብሎኝ ወጣሁና ደጅ ላይ ሐሳብ ያዘኝ። ልጁን ማን ይይዘዋል? ባለቤቴ የሚያስተምረው ራቅ ብሎ ቢጠና ከተማ ነው። አከራዬ ሱቅ አለባት፣ ሁልጊዜ አይሆንላትም። በመጨረሻ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እርሻውን ወንድምሽ ያየዋል፣ መጣሁ» አለች። አለቀስኩ።

ረቡዕ
እናቴ በጠዋት ሚኒባስ ደረሰች፣ ጎደሬ በጆንያ ይዛ። ናሆምን አዝላ ክፍላችን ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀመጠች። በመስኮት እያየኋቸው ተማርኩ። በእረፍት ወጥቼ አጠባሁት። ስታንዳርድ ዴቪየሽን ገባኝ! ይሄ ነው እንዴ ያን ሁሉ ቀን ያስጨነቀኝ?

ሐሙስ
በትምህርቱ መሀል ዝናብ ወረደ። ናሆም ሲያለቅስ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ልነሳ ስል መምህሩ ቀደመኝና በሩን ከፈተ።
«እናቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!»
እናቴ አማርኛ ብዙም አትችልም። እኔን ስታየኝ በወላይትኛ ጠራኋት። ከሳቁት አንዱ ወንበሩን ለቆላት ጃኬቱንም አለበሳት። ናሆም ትንሽ ተነጫንጮ ተኛ። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ ልጁ እንዳይነቃ ማንም አላወራም። ክፍላችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

አርብ
ዲፓርትመንቱ ፈቀደ። ፋይናል እቀመጣለሁ!
ኩዊዝም ነበር። ሁሉንም ሠራሁ፤ አንዷን ብቻ እጠራጠራለሁ። ለእናቴ ስነግራት «ያ ሰውዬ ግን ሲያወራ አይደክመውም?» አለችኝና ሳቅን። እስከ ፈተናው ትቆያለች። አልፍ ይሆን? አላውቅም፣ ብዙ አምልጦኛል። ግን የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ሳልፈራ ስጠብቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ናሆም ጠግቦ ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ አፉ ዳር ወተት ቀርቷል።