ዳቦን በውሃ ቀለም

ውድ የልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርህ ቁጥርህን እየነካሁ ተውኩት። ስንደዋወል አንተ «እሺ» ትላለህ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል። ስለዚህ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ከእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ስወጣ መኪናህ በቦታዋ አልነበረችም። ውሻችንን ዳቦን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ እንደታቀፍኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ግራ ቀኝ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ታክሲ ውስጥ በሆዴ ያልሰደብኩህ ስድብ የለም። አሁን ግን ወጥቶልኛል። የምጽፍልህም ልወቅስህ አይደለም። ውስጥ የሆነውን አላየህም፤ እሱን ልነግርህ ነው። ግን ከሥዕሉ ልጀምር፣ ሥዕል መጀመሬን አልሰማህማ።

ዳቦ ምግብ የተወ ሰሞን ሐኪሟ ሆዱን ዳስሳ ዳስሳ፣ «እብጠቱ ተሰራጭቷል። በዚህ ዕድሜው ብንቀደው ማሰቃየት ነው» አለችኝ። «ትንሽ ጊዜ አለው። ሲብስበት አምጪው፣ ሳይሰቃይ እንዲያርፍ እናደርጋለን።»

ቤት ስንመለስ፣ ማስታወሻ እንዲሆነኝ ብዬ ብቻውን የተነሣውን ፎቶ ፈለግሁ። አንድም የለም! ሁሉም ላይ ልጃችን አለች። ወይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች፣ ወይ ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ ላይ ይዛ ጥንቸል አስመስላዋለች። አልበሙን መልሼ ዘጋሁት። ከሞተች ወዲህ ፎቶዋን ማየት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ፎቅ ላይ ያሉትን ጡረተኛ የሥዕል አስተማሪ ታስታውሳቸዋለህ፣ ደረጃ ላይ ዳቦን ሲያገኙ «እንዴት አደርክ ጌታው» የሚሉትን። ያሳጠርኩላቸውን መጋረጃ ልሰቅል ሄጄ ነገሩን አወራኋቸው።

«ታዲያ ለምን አትሥዪውም?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ከመርፌ ሌላ ምን ይዤ አውቃለሁ?»

«መርፌ የለመደ እጅ ብሩሽ አያቅተውም። ነይ፣ ይኼን ያዢ።» የውሃ ቀለም ሣጥናቸውን፣ ሁለት ብሩሽና ወፈር ያለ ወረቀት አስታቀፉኝ።

የመጀመሪያውን ፍየል አስመሰልኩት። ሁለተኛውን ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና በትሕትና፣ «ሶፋው ጥሩ ወጥቷል፣ ውሻው የታለ?» አሉኝ። ሶፋ አልነበረም፤ ዳቦ ነበር።

ከዚያ በየቀኑ ማታ ማታ ከሥራ ስመጣ እየወረዱ ያሳዩኝ ጀመር። «ዓይኑን ቀድመሽ ሥሪ» ይሉኛል። «ዓይን ከሌለው የቀረው ቆዳ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ነጭ ደግሞ እንዳትነኪው። ነጭ ቀለም የለንም፣ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። አንዴ ከነካሽው አለቀ።» እኔ ደግሞ ስንቱን ወረቀት ነካሁት መሰለህ።

አንድ ቀን እኔ ቀለም ስበጠብጥ፣ ዳቦ ካለበት እየተጎተተ መጥቶ ብሩሽ የማጥብበትን ውሃ ልፍ ልፍ አድርጎ ጠጣልኝ! ቀና ሲል ምላሱ ሰማያዊ፣ ጢሙ ሰማያዊ። ደግሞ ምን አጠፋሁ ብሎ ትክ ብሎ ያየኛል። ሳቄ አመለጠኝ። እንደዚያ ጮክ ብዬ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ! ጋሼ ለቅሶ መስሏቸው በነጠላ ጫማ እየተንደረደሩ ወረዱ። ደግነቱ ቀለሙ አልጎዳውም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የጀርባው ቀለም ነበር። ቡናማውን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከቀዩ እያደባለቅሁ እሞክራለሁ፣ እንቢ ይለኛል። ከዚያ ባንዱ ቀን ድንገት መጣልኝ። በመጣ ቅጽበት የልጃችን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ቡችላ ሆኖ በካፖርትህ ደብቀህ ያመጣህላት ዕለት፣ «እማዬ እዪ፣ ጀርባው ከመጋገሪያ የወጣ ዳቦ ነው የሚመስለው!» ያለችውን። ብሩሹን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ዝም ብዬ ሰማኋት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ዳቦን ለዓመታት አላየሁትም። አበላዋለሁ፣ አወጣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ እንጂ አላየውም። አፉ ዙሪያ መሸበቱን፣ ግራ ዓይኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር መጋረዱን ያወቅሁት ስሥለው ነው። እሱን ሳይ እሷ ትመጣብኛለች ብዬ ዓይኔን አሸሽ ነበር። አንተ ቤቱን ለቅቀህ ሄድክ፤ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ ሸሸሁ። ልዩነታችን ይኼው ነው።

ከዚያ መነሣት ያቃተው ቀን ደወልኩልህ፣ አንተም መጣህ። አንሥተኸው መኪና ውስጥ ስታስተኛው በጆሮው «አይዞህ የኔ ጎበዝ» ስትለው ሰምቼሃለሁ። ክሊኒኩ ደጅ ስንደርስ ግን መሪውን አልለቅም አልክ። «አልችልም። አንቺ ግቢ» አልከኝ፣ ፊቴን ሳታይ።

ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የብረት ጠረጴዛው እንዳይቀዘቅዘው ሐኪሟ ፎጣ አነጠፈችለት። መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ወጋችው፤ ንቅንቅ አላለም። «አናግሪው፣ ይሰማሻል» አለችኝ። ምን ልበለው? «ደህና ሁን» ይባላል? ከዚያ ሳላስበው የልጃችን ቃል ወጣ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ግንባሯን ግንባሩ ላይ አድርጋ የምትለው፦

«ዳቦዬ፣ ነገ ትምህርት የለም!»

እንደሷ ጎንበስ ብዬ፣ ግንባሬን ግንባሩ ላይ አድርጌ አልኩት። ጭራው ጠረጴዛውን መታ። ደግሞ መታ። ሐኪሟ ፊቷን አዞረች። እሱ አገጩን መዳፌ ላይ ጣለ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለተኛውን መርፌ የሰጠችው ከተኛ በኋላ ነው። አልታወቀውም። አላቃሰተም። አልፈራም። ብቻውንም አልነበረም። ይኼን እንድታውቅልኝ ነው።

ከጋሼና ከዘበኛው ጋር ሆነን ከግቢው ዛፍ ሥር ቀበርነው። ከዚያ የቀረውን ሥዕል ጨረስኩ። ጆሮውና የፊት እግሮቹ ቀርተው ነበር፤ እጄ ግን አውቋቸዋል። የደረቱ ነጭ ሳይነካ ተርፏል። ጋሼ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩትና፣ «አዎ፣ እሱ ነው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በላይ ምን ይበሉኝ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር ነው የቆየሁት።

ልጃችን ሆስፒታል ሳለች የራሷን ትራስ አምጡልኝ ብላ እኔ ቤት ሄድኩ። ትራሱን ይዤ ስመለስ አንተ ኮሪደሩ ላይ ቆመሃል። ፊትህን ሳይ አወቅሁ። ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅሁህም። ሰው እየመጣ አጽናናን፣ ሰው ሄደ፣ እኔና አንተ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ስለ ጨው ስናወራ ከረምን። በመጨረሻ ያንንም ተውነው።

ክሊኒኩ ደጅ ላይ «አልችልም» ስትል ፈሪነት መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ አንዴ ገብተህ እንደምታውቅ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያውም ብቻህን። ያየኸውን ይኸው እስከ ዛሬ ብቻህን ተሸክመኸዋል። ይክበደኝ፤ የኔም ልጅ ናት፣ ድርሻዬን ስጠኝ።

ሥዕሉን በፖስታ አልልክልህም። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ና። በሩን ስከፍትልህ ምንም እንድትል አልጠብቅም። ተቀመጥ፣ ዳቦን እየው፣ የፈለግከውን ያህል ዝም በል። እኔ አልቸኩልም።

ከዚያ ግን ንገረኝ። እጇን ይዘህ ነበር? እኔን ጠርታኝ ነበር? መጨረሻ ላይ ምን እንዳለች ንገረኝ። ምንም ካላለችም፣ ምንም አለማለቷን ንገረኝ።

የልጅህ እናት