የሬኒኑ ብልቃጥ

ለወንድም ጋሼ ይፍሩ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሃናስ፣ ልጅህ ነህምያስ ደኅና ናቸው? የስዊዘርላንድ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን ግን ደኅና ናት ብዬ አልዋሽህም። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ተናድጄ ነው፤ የተናደድኩትም በአንተ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ የምትሠራበት ላብራቶሪ ሬኒን የሚባል የደም ግፊትን የሚቆጣጠር የሰው ኤንዛይም እንደሚያመርት ጻፍክላት። አንባቢዋ እኔ ራሴ በቅጡ አልገባኝም። እሷ የያዘችው ልጄ የግፊት መድኃኒት ይሠራል የሚለውን ብቻ ነው። ሰፈራችን ሴቻ ውስጥ ያልነገረችው ጎረቤት የለም።

ይህ አልበቃ ብሎህ ለአዲስ አበባው ጓደኛህ ምርምር የሚሆነውን የሬኒን ብልቃጥ ከእሷ ልብስ ጋር በአንድ ሻንጣ ትልካለህ? ሻንጣውን ያስያዝከው የካምባው ዳልጮ አዲስ አበባ ላይ ጓደኛህን ቢያጣው ሁሉንም ጠቅልሎ እዚህ አመጣው። ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ወላጅ እጅ ገብቶ ሳይመረቅ እንደማይከፈት አንተም ታውቃለህ። ዳልጮ እንደ ወጉ ለእሷ ሰጣት፤ መርቃ ተቀበለች፤ ብልቃጡንም እንስራው ሥር ቀዝቀዝ ካለው ቦታ አስቀመጠችው። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። ልጄ የተሻለውን ልኮልኛል ብላ የሐኪም ቤቱን የግፊት ክኒን እርግፍ አድርጋ ተወች።

የሰፈራችንን ድሬሰር ጋሻዬን ውጋኝ ብላ ብትጠራው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አይቶ ሮጦ እኔ ዘንድ መጣ። ለላብራቶሪ ምርምር ብቻ ነው፣ ለሰው አይሰጥም ይላል። ብልቃጡን ቀምቼ ለሐኪም አሳየሁት። ይህ ነገር በሰውነት ውስጥ ግፊት እንዲጨምር መንገድ የሚከፍት ነው፣ የሚመረተውም አዲስ መድኃኒት ሊሞከርበት ነው አለኝ። ደግሞም ከበረዶ ወጥቶ በአርባ ምንጭ ሙቀት ስለከረመ ለጓደኛህም አይረባም። ጋሻዬ ማንበብ ባይችል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እስቲ መልስልኝ።

ክኒኑን ግን እስከ ዛሬ አልነካችም። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስትመለስ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ አሁንም አይታዘዝላትም። ሐኪሙ ሁለተኛ ከወደቀች አትነሳም ብሎኛል። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ አቃተኝ። መድኃኒቴን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ ትለኛለች። ይፍሩ በእጁ ጽፎ ካልነገረኝ አልውጥም ብላለች። እንግዲህ ጻፍ። ስለ ኤንዛይም አንዲት ቃል እንዳትጨምር፤ ብልቃጡ መድኃኒት አይደለም፣ ክኒንሽን ዋጪ ብቻ በል። መልሱን ዛሬውኑ በፈጣን ፖስታ ላከው።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ጋደም ብላ ታየኛለች። ምን ልበልልሽ ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «መድኃኒቱ ደርሶኝ ተሻለኝ በይልኝ። ቀማሻት ብሎ እንዳይጣላሽ።»

ሃናን በእኔ ስም እቀፋት። ነህምያን አክስትህ ትስምሃለች በለው። ባለቤቴ ተክለወልድ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሻሺቱም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ አገኘሽ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.