የቤተ ሙከራው የኋላ በር

እህቴ፣ ክፉ ደጅሽን አይርገጠው። እማዬ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ወንድምሽ ነኝ።

«ልጄ፣ ወገቤ ተሽሎኝ ትምህርት ቤቱን ወደ ማጽዳት ተመልሻለሁ። ታናሻችሁ አምና በእሳቱ ጭስ ታፍኖ የቀረበትን ቤተ ሙከራ ቀለም ቀብተውታል። ጋዙ ግን ዛሬም ይሸታል፤ የኋላውን በርም እንደገና በሰንሰለት ቆልፈውታል። ለዳይሬክተሩ ብነግረው፣ ‹እትዬ፣ ልጆቹ በዚያ እየሾለኩ አስቸገሩን እኮ!› አለኝ። ‹አምናም ይህንኑ ነበር ያልከኝ› አልኩት። የእኔን ቃል ከመጥረጊያዬ ለይቶ አያየውም፤ እባክሽ አንቺ ደውዪለት። ከዕድሜዬ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ።»

ይህን የመጨረሻውን ለእማዬ አላነበብኩላትም፦ ሰኞ እዚያ የምንገባው የእኔ ክፍል ልጆች ነን። የደረሰኝም የታናሻችን ወንበር ነው። እሑድ ሳያልፍ ደውዪ።