ልጄ በአንድ ዓመት ስድስት ሳንቲ ሜትር አጥሯል ስለተባለበት ጉዳይ

ለሦስቱ በር ቅርጫት ኳስ ክለብ የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ በሪሁን
ሰበታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል፤ ቤተሰብዎ፣ የኮሚቴው አባላት፣ ደብዳቤ የምትጽፍልዎት ወይዘሪት ሳትቀር ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሱሉልታ ንፋስ በቀር ምንም አላለኝም። ወገብዎንና ጉልበትዎን አምላክ ይጠብቅልዎት፤ በተለይ ጉልበትዎን። ጉልበትን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔን አያውቁኝም። አሰጋሽ እባላለሁ። ሱሉልታ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ስለሆነ፣ ከማዕረግዎ ጋር የማይሄድ ቃል ካመለጠኝ የመርፌ ሰው ናት ብለው ይለፉኝ። በክለብዎ አሥራ አምስት ቁጥር የሚለብሰውና ሴንተር በሚሉት ቦታ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ዮፍታሔ የእኔ ልጅ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴዎ የጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «ተጫዋቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአምስት ወደ አንድ ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ ቀንሶ በመገኘቱ፣ በዘጠኝ ጨዋታ አሥራ አራት ነጥብ ብቻ በማስቆጠሩና ጠባዩም ለቦታው የማይመች በመሆኑ፣ ከእንግዲህ የመሻሻል ተስፋ ስለሌለው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እንዲሰናበት ተወስኗል።» ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው። ደብዳቤው ለልጁ እጅ ከመድረሱ በፊት በክለቡ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ጎረቤቶቼ ሁሉ ከእኔ ቀድመው አንብበውት ስለነበር፣ እኔም ልማዱን አክብሬ መልሴን እዚያው ለሕዝብ አድርጌዋለሁ። ቢሮ በቁጥር የተጻፈ ነገር ይወዳል ሲሉ ስለሰማሁም ቅሬታዬን በቁጥር አደርገዋለሁ። አምስት ናቸው።

1ኛ. በመጀመሪያ ላመስግን። ሃያ ሦስት ዓመት ስሰፋ ካኪ ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ፣ ሱፍ ዝናብ ሲነካው እንደሚያጥር አይቻለሁ፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሲሰበሰብ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ኮሚቴዎ ይህን አዲስ ነገር አግኝቶ፣ ሦስት ሰው ፈርሞበት፣ ማኅተም አሳርፎበት ለሕዝብ ስላሳወቀ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልጁን ሐኪም ይየው ያለ ግን አልነበረም። እኔ እናቱ ነኝና፣ አንድ ሰው በዓመት ስድስት ሳንቲ ካጠረ በአሥር ዓመት ስንት እንደሚቀረው አስቤ ደንግጬ ነበር፤ እናንተ አለመደንገጣችሁ የትምህርት ጥቅም ነው።

2ኛ. ተስፋ የለውም ስለተባለው። ልጄ ጎበዝ ነው ብዬ አልከራከርዎትም፤ ዓይን አለኝ። ቡራዩ በተደረጉት ጨዋታዎች ሁሉ ተገኝቻለሁ። ኳሷን ተቀብሎ እስከ ሆዱ ያወርዳታል፣ እዚያ ወገቡ ጋ የሚደርስ አንድ አጭር ልጅ መጥቶ ይነጥቀዋል። ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሞ፣ ከማስገባት ይልቅ የሚያቀብለው ሰው ይፈልጋል። ፋውል ሲሠራ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ በፊት እሱ ይቅርታ ይላል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፣ አንዳንዴም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው ያየሁት።

ነገር ግን ይህ ልጅ ኳስ የነካው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ክለቡ ለሱሉልታ ልጅ ልምምዱን ሰበታ ስላደረገለት፣ በሦስት ታክሲ፣ ከኋላ ወንበር ጉልበቱ አገጩን እየነካው ይሄዳል፤ ሲወርድ እንደ ታጠፈ ጨርቅ እስኪዘረጋ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በጨዋታው ቀን ስድስት ደቂቃ ያገኛል። ስድስት ደቂቃ ለእኔ ቁልፍ መትከያ እንኳ አትበቃኝም። አሰልጣኙ ኦቦ ኢብሳ፣ ውሳኔው ሲወሰን ያልተጠየቁት ሰውዬ ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን «ሱታ ነው፣ አዴ አሰጋሽ» አሉኝ፣ ቀስ በቀስ ነው ማለታቸው ነው፤ «አጭሩ ልጅ ቶሎ ይደርሳል፣ ረጅሙ ሱታ ሱታ ነው። እጅና እግሩ መጀመሪያ እርስ በርስ መተዋወቅ አለባቸው።» እኔ ከባለሙያ ያገኘሁት ይህን ነው። ከእናንተ ያገኘሁት ማኅተም ነው።

3ኛ. ጠባዩ ለቦታው አይመችም ስለተባለው። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ወረቀት እንዲህ ይዘረዝራል፤ «ሰው ሲያየው ይጎብጣል፤ እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም፤ ቦታውን ለሌላ ይለቃል፤ ሌሎች ሳይወስዱ አይወስድም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ ማሽኔን አቆምኩ። ከኮሚቴዎ አንዱ ቤቴ ተቀምጦ ስናገር የሰማኝ መሰለኝ።

ዮፍታሔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በአንድ ክረምት ከበሩ መቃን ደረሰ። በመስቀል ሰሞን አዲስ ልብስ ለብሶ ስንወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ «ኧረ ይሄ ልጅ!» አለ። በሳምንቱ ታይፎይድ ጣለው፣ አርባ ቀን ተኛ። ሐኪሙ ከጠጣው ውኃ ነው አለኝ፤ እኔ ግን የሰው ዓይን ነው አልኩ፣ ሌላ ነገር የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ በል ስለው ኖርኩ። ታክሲ ስንጠብቅ ጎንበስ በል። እጅህን አውርድ፣ አትንጠራራ፣ ሰው ያይሃል። ከትልቅ ፊት ስታልፍ ዝቅ በል፣ ከማዕድ ቀድመህ እጅህን አትስደድ፣ ቦታ ልቀቅ። የትምህርት ቤት ፎቶ ሲነሱ ፎቶ አንሺውን ለምኜ ቁጭ አድርጌዋለሁ፤ በፎቶው ላይ ከእህቱ ከዕድላዊት ያንሳል። ጥሩ ልጅ አሳደግሽ ብሎ ሰው ይመርቀኝ ነበር። ምርቃቱን ተቀብያለሁ።

አሁን ስለ ልኬቱ ልንገርዎት፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አምና የለካችው አንዲት ነርስ ናት፣ በክሊኒክ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ። ዘንድሮ ግን ልኬቱ በሜዳ፣ በሰው ፊት እንደሆነ ሰማሁ። ያን ቀን ጠዋት ጎረቤቴ ወርቅቱ በሩ ላይ አገኘችውና፣ ከልቧ ወዳው ነው እንጂ ክፉ የላትም፣ «ዘንድሮ ደግሞ ጣራችንን ልትነቅል ነው?» አለችው። ፈራሁ። አስፋልቱ ድረስ ተከትዬው ሄጄ «ሲለኩህ ጉልበትህን ትንሽ ሰበር አድርግ፣ ሰው ሁሉ ቁጥሩን እየጠራ አይዋል» አልኩት። አድርጎታል። እኔ የሰፋሁለት ሰፊ ቱታ ነበር የለበሰው፣ እጥፋቱም አልታየም። እናንተ ጫማ አስወልቃችሁ ጉልበት ያላያችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ ግን ጉልበቱን ያጠፍኩት ነኝ።

ለምን አጠርክ ብላችሁ ስትጠይቁት አላውቅም ብሏል አሉ። ቤት ሲመጣ ቆጣ ብዬ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም አልኩት። ልጁ ሳቀብኝ። «ምን ልበል እማ? ሃያ ዓመቴ ነው፣ እናቴ ጎንበስ በል ብላኝ ነው ልበላቸው? ማቲ እስከ ዕለተ ሞቴ አይለቀኝም» አለ። ማቲ ኳሷን እየነዳ የሚያቀብለው ጓደኛው ነው። ቀጥሎም ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅል የሚያወርድ ሰው ይፈልጋሉ፣ መሰላል አያስፈልገኝም አለኝ። ይህንን ለማጽናናት ብሎ ነው የተናገረው።

4ኛና 5ኛ. ስለ ማሊያው ማጠርና ስለ ልምምድ ውኃ ልጽፍ ነበር። አሁን አፍሬ ትቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ኦቦ ኢብሳን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ራሳቸውን ይዘው፣ «ሦስት ዓመት እጅህን አንሳ እያልኩ የጮህኩት ከአንቺ ጋር ነው ለካ፣ አዴ» አሉኝ። ቅጣትሽ ሐሙስ ልምምድ ላይ መጥተሽ ቀና በል ማለት ነው አሉ። ሄድኩ። ሰው ስለነበር መጀመሪያ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ኋላ ቀና በል አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ፣ የሰማውን ያመነ አይመስልም። ማቲ ኳሷን ይዞ እየመጣ «ዮፊ፣ እማዬ ፈቅደዋል፣ እጅህን አንሳ» ብሎ ሜዳውን አሳቀው። አነሳ። የማቲን ኳስ ሁለት ጊዜ ከአየር ላይ መለሰበት። በሦስተኛው ፋውል ሠራና ይቅርታ አለ። በአራተኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አድርጌ አልነግርዎትም።

ይሻሻላል ወይ ካሉኝ፣ አላውቅም። የስምንት ዓመት እጥፋት በአንድ ካውያ አይወጣም፣ ይህን ከሥራዬ አውቃለሁ። ግን ጨርቁ እንዳልተቆረጠ፣ እንደታጠፈ ብቻ አየሁ፤ ልዩነቱንም አውቃለሁ። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ልጁን እንደገና ይለኩት፤ በቤቴ ሜትር ሁለት ሜትር ከስድስት ነው። አጥሯል የሚለውን ቃል ከቴሌግራማችሁ ያንሱልኝ። እስከ ውድድሩ መጨረሻም፣ እናቱ ጎንበስ በል ሳትለው እንዴት እንደሚጫወት ይዩት። ከዚያ አይሆንም ካላችሁ አይሆንም፣ ጥቅሉን ያወርዳል። የሚሰናበት ከሆነ ግን በራሱ ድክመት ይሰናበት እንጂ በእኔ ፍርሃት አይሰናበት። ልጄ ሆይ፣ አንተም ይህን በቴሌግራም ታነበዋለህና፣ በሰው ፊት ያጎበጥኩህን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ለሥራ ጊዜዎ፣ ለማኅተምዎ ቀለም፣ ሰው ሲያጥር አይቶ ላለመገረም ላሳዩት ትዕግሥት እጅ እየነሳሁ፣ ዘመንዎን እንደ ልጄ ያርዝምልዎት፣ ኮሚቴዎ እንደለካው ሳይሆን እንደተፈጠረው።

አክባሪዎ
አሰጋሽ፣ የአሥራ አምስት ቁጥር እናት
ሱሉልታ

ያልጻፍኩት እንዳይቀር፤ ባለፈው ሰኞ ቅሬታ የት እንደሚገባ ልጠይቅ ሰበታ መጥቼ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ሥራ እንዳልፈታ የቢሮዎን በር ለካሁት። አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት ነው። ልጄ ከእንግዲህ በማንም ፊት ጎንበስ እንዳይል ነግሬዋለሁና፣ ቅዳሜ ስንመጣ ጉልበትዎ ደህና ከሆነ እርስዎ ብድግ ብለው ወደ ውጭ ይውጡልን።