ለእንግዳዋ ሸርጣን ስላሳየሁት ቸርነት የተሸለምሁት የምስክር ወረቀት

ለክቡር ሚስተር ሃርላን ኩሌን
የሮሽ ግሪዝ ወደብና አካባቢው የባሕር ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ብርዱ ለጉልበትዎ እንዳልተስማማው ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ ሆኖም ቢሮዎ ማሞቂያ ያለውና ባሕሩም ከመስኮት ባሻገር ብቻ የሚታይበት በመሆኑ ተጽናንቻለሁ። እኔ አርሴን ሱሬት በዚሁ ወደብ አርባ ስድስት ዓመት ሎብስተር የሚባለውን ባለ ትልልቅ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ሳጠምድ የኖርሁ፣ በእርስዎም እጅ አንድ ጊዜ የተሸለምሁ ሰው ነኝ። እህቴ ዴልፊን ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ከወደቡ ጀርባ ካለው ጭቃ ሜዳ ውስጡ ሥጋ ያለበትን የሚበላ ዛጎል እየቆፈረች ትኖራለች። ሜዳው ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ለሦስት ዓመት እንደሚዘጋ የሚገልጸው ማስታወቂያዎ የተለጠፈው በእሷው አጥር ላይ ነውና፣ ስለዚህ ቅርበትዎ እያመሰገንሁ ጥቂት ቅሬታ በሕዝብ ፊት እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. አረንጓዴዋ ሸርጣን መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው በሚጭኑት ውኃ ተሳፍራ ከባሕር ማዶ ወደ ወደባችን በገባች ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በፈቃዳችን ላይ ያልተጻፈ ፍጥረት ሁሉ ሳይጎዳ ወደመጣበት ይመለስ የሚለውን ደንብ በትሕትና አስታወሰን። ማስታወስ እንኳ አያስፈልግም ነበር። አባቴ ወጥመድ መሳብ ከማስተማሩ በፊት ያስተማረኝ፣ እንቁላል የታቀፈችን ሎብስተር በሁለት እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውኃው መመለስን ነው፤ «እሷን የገደለ የልጅ ልጁን ጉሮሮ ዘጋ» ይል ነበር። ስለዚህ ከሆዷ ሥር ብርቱካናማ እንቁላል የታቀፈች ሸርጣን በወጥመዴ በገባች ቁጥር እጄ እኔን ሳያማክር በክብር ሲሸኛት ኖረ። ይህን አሥራ አንድ ዓመት አደረግሁ። እርስዎም በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሕዝቡን ሰብስበው «ለባሕር ፍጥረታት ላሳየው ርኅራኄ» የሚል ባለመስታወት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ እኔም ከምድጃዬ በላይ ሰቀልሁት። በተከታዩ ዓመት ባሳተሙት በራሪ ወረቀት ላይ አንዲቱ እናት ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል እንደምትታቀፍ፣ አንዱ ልጇም በቀን እስከ አርባ ለጋ ዛጎል ሰብሮ እንደሚበላ ባነበብሁ ጊዜ፣ በዚህ አገር የእኔን ያህል የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ እንደሌለ ተረዳሁ። ደንቡ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ።

፪. ዴልፊን በራሪ ወረቀት አላስፈለጋትም፤ የተሰባበረውን ዛጎል በየቀኑ ስትረግጠው ነበርና። አንድ ቀን ጀልባዎቻችንን በምናስርበት ድልድይ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሰውዬ፣ አንተ ለእናቶቻቸው ስታዝን ልጆቻቸው እኮ የኔን ጓሮ ጨረሱት!» አለችኝ። እሷም ከአሮጌ ሽቦ ስምንት ወጥመድ ሠርታ በሜዳው ላይ ዘረጋች፤ በሁለት ሳምንትም ሦስት በርሜል ሸርጣን ለድንች ማሳዋ ማዳበሪያ አደረገች። ያኔ ጽሕፈት ቤትዎ እንዴት ፈጣን እንደሆነ አየን። ተቆጣጣሪዎ በማግስቱ ደርሶ «እማማ፣ ሸርጣን ለመግደል ፈቃድ አለዎት?» ሲላት፣ «እነሱስ የኔን ዛጎል ለመብላት አላቸው? እስቲ አንዱን ያዝና ኪሱን ፈትሸው!» አለችው። ልጁ ጨዋ ነውና አልሳቀም። «ሕግ ነው እማማ» ብሎ ስምንቱን ወጥመድ ጭኖ፣ በባልዲዋ ውስጥ በሕይወት የቀሩትን ሸርጣኖች አንድ በአንድ እየቆጠረ ወደ ሜዳው መልሶ ሄደ።

፫. ማስታወቂያዎ ሜዳው የተራቆተው ቆፋሪዎች ከልክ በላይ ስለቆፈሩት ነው ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። ሜዳው የሚዘጋው ለዴልፊንና ለመቆፈሪያዋ ነው፤ ሸርጣኖቹ ማንበብ ስለማይችሉ ማስታወቂያው እንደማይመለከታቸው ገምቻለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ የጥናት ቡድንዎ ሲመጣ ሜዳው በእርግጥም አርፎ ያገኘዋል፤ የሚንቀሳቀስበት ነገር አይኖርምና።

፬. በየዓመቱ በነሐሴው በዓላችን ዴልፊን የምትጋግረውን የተፈቀፈቀ ድንችና የዛጎል ሥጋ ሁለት ሳሕን ሳይበሉ ሄደው አያውቁም። ባለፈው ነሐሴ ዛጎል አጥታ የቆርቆሮ ሥጋ ብትጨምርበት «ምነው ጣዕሙ ተለወጠ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷ ክብርዎን ጠብቃ ሳሕንዎን ብቻ አነሣች፤ መልሱ ይህ ደብዳቤ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እህቴ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ያንን ጭቃ ስትቆፍር ኖራለች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ የማንንም እጅ ማየትም አትወድም። ያን ሜዳ ያራቆትነው እርስዎ በደንብዎ፣ እኔ በገዛ እጄ ነን። እኔ አፍሬያለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰኞ በፊት ስምንቱን ወጥመዶች ይመልሱላት፣ በሜዳዋም ላይ እንድትዘረጋቸው ይፍቀዱላት።

ማሞቂያዎ እንዳይበርድ፣ መስኮትዎም እንዳይደበዝዝ እየተመኘሁ፣ ትዕግሥትዎን ከእንግዶቻችን ከሸርጣኖቹ ቀጥሎ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው፣

የቀድሞው ተሸላሚዎ
አርሴን ሱሬት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። የማጥመድ ፈቃዴን ደጋግሜ ባነበው እንዲህ ያለ ነገር እንድይዝ የሚፈቅድ ቃል አጣሁበት፤ ስለዚህ ደንቡ እንደሚያዘው ሳይጎዳ ወደመጣበት መልሼዋለሁ።