በረኪናው ሸትቶኝ ነበር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽስ ቀና አለልሽ ወይ? እጆችሽስ? ታናሽ እህቴ ባለፈው ስትጽፍልኝ፣ የቀኝ አውራ ጣትሽ እንደገና ተሰንጥቆ በጨርቅ ጠቅልለሽው ሥራ እንደገባሽ ነግራኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ቅባቱን ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ከኔ የባሰባት አለች» ብለሽ ሰጠሽው? አባዬስ እንዴት ነው? አያቴስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አልታመምኩም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ከታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ደብዳቤውን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። መነጽርሽን አድርጊና በሩን ዝጊው። እህቴ «እኔ ላንብብልሽ» ብትል እሺ እንዳትያት፤ የእሷን አፍ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ነገሩ ሳይመሽ ሰፈሩን ዞሮ ይገባል።

እሑድ ደውለሽ «ሁሉ ሰላም ነው?» ስትዪኝ «ሰላም ነው» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ከኋላሽ የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እየጮኸ፣ አንቺ ከሱ በላይ እየጮኽሽ «የኔ ምሩቅ!» ስትዪኝ አፌ ተሳሰረ። በስልክ ደግሜ ብሞክረውም ያው እንደሚሆን ስላወቅኩ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ መምህራችን፣ እያንዳንዳችን በቀን ስንት ውሃ በከንቱ እንደምንደፋ ለሳምንት መዝግበን እንድናመጣ አዘዘን። የራሴን መዝግቤ አፈርኩ። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ መሐል ላይ መቆም አላውቅም። ኩባያዬን በገመድ ቦርሳዬ ላይ አንጠልጥዬ መሄድ ጀመርኩ። ፌስታል አልቀበልም ብዬ ሽንኩርት በሻርፔ ቋጥሬ ገብቻለሁ። ሌሎች የጣሉትን ወረቀት ለቅሜ በጀርባው እጽፋለሁ፤ ይህንንም ብትገለብጪው የማላውቀው ሰው የወደቀበት የሒሳብ ፈተና ነው። መብራት አጠፋለሁ፣ ከሥሩ ሰው ተቀምጦም ቢሆን። አንድ ቀን ፊቷን ሳሙና የሞላት ልጅ ላይ ቧንቧ ዘግቼባት በእርጥብ ፎጣ አባራኛለች። በዚህ ሁሉ ልጆቹ «ባልዲ» የሚል ስም አወጡልኝ። «ባልዲ መጣች፣ ቧንቧውን ዝጊ!» ይባባላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙን ወድጄው ነበር።

ከዚያ በፎቃችን ኮሪደር ጫፍ ትልቅ በርሜል አስቀመጥኩ። ልጆቹ ልብስ ያለቀለቁበትን ውሃ እዚያ ይጨምራሉ፣ እኔ በባልዲ እያወረድኩ አጥሩ ዳር ያሉትን ዛፎች አጠጣለሁ። የመኖሪያው ኃላፊ ሴትዮ የፈቀደችልኝ አስፈርማኝ ነው። በርሜሉ ውስጥ ከመለቅለቂያ ውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባ፣ እኔም ሳላይና ሳላሸት እንዳላወጣ፣ ጉዳት ከደረሰ ግን መኖሪያዬን እንድለቅ ይላል ወረቀቱ። ሳላመነታ ፈረምኩ። የወጣውን እያንዳንዱን ባልዲ ግድግዳ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት በመስመር እቆጥር ጀመር፤ ከላይ በትልቁ «እስከ ችግኝ ተከላው ቀን ሺህ ባልዲ!» ብዬ ጻፍኩበት።

የግቢያችንን አትክልተኛ እስካሁን አላነሳሁልሽም። መደባቸው አጠገብ የሚሮጥ ተማሪ ባዩ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚሉ ጋሽ ቀስ በሉ እንላቸዋለን። ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ሠርተው በዚህ ወር ቋሚ ሊሆኑ ነበር። ባለቤታቸው ኩላሊታቸውን ታመው ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ ሥራው ቋሚ ሲሆን ሕክምናውን ኮሌጁ ይችልላቸው ነበር። ለተከላው ቀን ሁለት ሺህ ችግኝ ከዘር አብቅለው ከዳስ ጥላ ሥር ደርድረዋል። እዚያ ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ሳቁብኝ። መጀመሪያ ውሃዬን ይዤላቸው ስሄድ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱና «ለትልልቆቹ ዛፎች ይሁን። ለችግኝ ግን ጠብታ እንዳታቀምሺብኝ፣ ሕፃን አጥንት አይግጥም» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ባለቤታቸው ሕመሙ ብሶባቸው ሐኪም ቤት ሊያደርሷቸው ሲጣደፉ በር ላይ አገኙኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ በርሜል ሙሉ የዝናብ ውሃ አለ፣ ችግኞቹን በሱ አጠጪልኝ፣ አደራ አሉኝ። እኔም «አያስቡ» አልኳቸው።

እማዬ፣ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት ደርሶ ነበር። ሰኞ የኮሌጁ ዲን መጥተው ሊያዩት ነው። የዝናቡ ውሃ አይቆጠርልኝም፣ የኮሪደሩ ግን ይቆጠርልኛል። አሥራ ስምንት ባልዲ ብቻ ነው የቀረኝ። የበርሜሉን ክዳን ሳነሳ ሸተተኝ። በረኪና ነበር።

ሌላ ሰው «አልሸተተኝም» ቢል ይታመናል፤ እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ? ማታ ከሥራ ስትመለሺ ከቀሚስሽ የማውቀው ሽታ ነው። ሕፃን ሳለሁ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ማን እንደገባ በሱ ነበር የምለየው። የአንቺን ቆዳ ምን እንዳደረገው እያወቅኩ «ጥቂት ናት፣ በውሃው ብዛት ትሳሳለች» አልኩና ቀዳሁ። አሥራ ስምንት ጊዜ ሦስት ፎቅ ወረድኩ። አሥራ ስምንቱንም ጊዜ ሸትቶኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የማይለቀም ሆነ።

ሰኞ ዲኑ መጡ፣ ሺህ የሚለውን አይተው አጨበጨቡልኝ፣ ፎቶ ተነሳን። ማክሰኞ የችግኞቹ ቅጠል ከጫፉ መንጣት ጀመረ። ያኔውኑ ብናገር፣ ቶሎ በንጹሕ ውሃ ቢታጠብ ምናልባት ግማሹ ይድን ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዓርብ ሲረግፉ አየሁ። አሁን ከሁለት ሺው የቆመው ሁለት መቶ አይሞላም።

በረኪናውን የጨመረችው አብራኝ የምታድረው የክፍሌ ልጅ ናት፣ ነርስነት የምትማረዋ። ነጭ ጋዋኗን የዘፈዘፈችበትን ውሃ ተሳስታ በርሜሉ ውስጥ ደፍታዋለች። ስጠይቃት አለቀሰች። በሷ አልፈርድም፤ እሷ ሳታስበው ደፋችው፣ እኔ አሽትቼ ቀዳሁት። ማሽተቱ ደግሞ የኔ ሥራ ነበር።

ጋሽ ቀስ በሉ ያን ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደው የዝናቡን በርሜል ክዳን አነሱ። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። በርሜሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ክዳኑን መለሱት። 

የኮሌጁ ሰዎች ደግሞ ለአረም የሚረጨውን መድኃኒት በችግኝ ማጠጫው ቀላቅለው ችግኙን አጥፍተዋል ብለው ከሰሷቸው። እሳቸውም «አልረጨሁም» አሉ፣ በቃ። ያን ቀን ማን አጠጣ ተብለው ሲጠየቁ «ኃላፊው እኔ ነኝ» አሉ። ቋሚ የሚያደርጋቸው ደብዳቤ ተይዟል፤ ኮሚቴው ዛሬ ሦስት ሰዓት ተሰብስቦ ሊያሰናብታቸው ነው።

ትናንት ከመጋዘኑ ደጃፍ ጠበቅኳቸው። ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱና «ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የመሸብኝ ሰው ነኝ፣ አንቺ ገና መንጋትሽ ነው። ትምህርትሽን ጨርሺ።» ከዚያ ማጠጫቸውን አጥበው አፉን ደፍተው አስቀመጡትና ሄዱ። እማዬ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

የክፍሌ ልጅ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። እሳቸው ራሳቸው ከተዉልሽ አንቺ ምን ቤት ነሽ ትለኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጊዜ ስጪው ትለኛለች። የሚያስፈራኝ ነገሯ መጣሙ ነው፤ ስሰማት ልቤ ወደዚያ ያዘነብላል። ግን እውነቱ እያደር እስኪጠራ ሰውዬው ከታመመች ሚስታቸው ጋር የት ይደሩ? እሷን አልነካትም፣ ስሟንም አላነሳም ብያታለሁ።

ብናገር የሚመጣብኝን አውቀዋለሁ። ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መኖሪያውን ከለቀቅኩ በዚህ ከተማ የምጠጋበት ዘመድ የለኝም፤ ዓመቱን አቋርጬ መምጣቴ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን እሱ አይደለም። አንቺ ሃያ ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥቢ ኖረሽ፣ አሁን ጓደኞችሽን ሰብስበሽ «ልጄ በሚመጣው ዓመት ትመረቃለች» ትያለሽ። አንቺን በነሱ ፊት ማሳፈር ነው የምፈራው። ይህን ፍርሃት ይዤ አሥራ ሁለት ቀን ኖርኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ እያለኝ ይቆጨኛል። ቤት ልብስ አጥበሽ ውሃውን ልትደፊ ስትወጪ፣ የጎረቤት ጎመን እንዳይነካ ባልዲውን ተሸክመሽ ግቢውን በሙሉ ዞረሽ ትሄጂ ነበር። እኔ «ደጃፍ ላይ ድፊው፣ ምን ያደክምሻል» ስልሽ «ውሃ ከመድፋትሽ በፊት የሚወርድበትን እዪ» ትዪኝ ነበር። አካባቢ ጥበቃ ብሎ ያስተማረሽ የለም። እኔ ኮሌጅ ገብቼ፣ ኩባያ አንጠልጥዬ፣ ሰው ስገሥጽ ከርሜ፣ የሚወርድበትን ሳላይ ደፋሁ። ውሃው መሬቱን ይጥቀም ብዬ ጀመርኩ፤ ኋላ ግን የወደድኩት ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ነበር። ያን ወረቀት ዛሬ ጠዋት ቀድጄዋለሁ። ስቀድ እንኳ ጀርባው ሊጻፍበት ይችል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ይህ በሽታ መቼ እንደሚለቀኝ እንጃ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ይቅርታሽን ለመለመን ብቻ አይደለም። ራሴን ስለማላምነው ነው። ኮሚቴው ፊት ስቆም ጋሽ ቀስ በሉ ዓይኔን አይተው ራሳቸውን ቢነቀንቁ እመለሳለሁ ብዬ እፈራለሁ። የፖስታ ሳጥኑ ያለው ወደ ስብሰባው አዳራሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ይህን እከታለሁ። ከዚያ ወዲያ ዋሽቼ ብወጣ እንኳ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ካወቅሽው ደግሞ ውሸቱ ምን ያደርግልኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትያለሽ አይደል? እኔ ብለቅ እንኳ ወረቀቱ አይለቅም።

ለአባዬ ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ። የቤታችን ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠብ እንደሆነ ይንጠባጠብ፣ በስልክ የጮኽኩበትን ይርሳልኝ። አያቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ምንም አትንገሪያት፣ «ጸልዪልኝ ብላለች» ብቻ በያት። እህቴን በፌስታል ምክንያት ስለሰደብኳት ይቅርታ ብላለች በያትና ጉንጯን ሳሚልኝ። አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ስለ ምርቃቴ ግን ለጊዜው አታውሪላቸው።

ምናልባት እኔ ከደብዳቤው ቀድሜ እደርስ ይሆናል። ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ካየሽኝ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» አትበዪኝ። «ተናገርሽ ወይ?» በዪኝ። አዎ ካልኩሽ አስገቢኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከተማሪዎች መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል