ትንሿ መኪናዬ ያላመጣችው ውርደት

ለተከበሩ አቶ አስፋው ደምሴ
የእድራችን ሊቀመንበርና የልጄ ጋብቻ መሪ ሽማግሌ
ልደታ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው እሁድ በኪራይ ያስመጡት ትልቅ መኪና ወንበሩ ሰፊ ስለነበር ወገብዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናዬን ሁሉም እንዲሰማልኝ ይህን ደብዳቤ እድሩ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩. ሽማግሌዎቹን ራሴ ላድርሳችሁ ብዬ ስለምንዎ፣ በዚች ቆርቆሮ ሄደን የሰው ልጅ ብንጠይቅ ማን ሰው ይለናል ብለው ክብራችንን ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፤ አቀበት ላይ ታቃስታለች፣ ሲዘንብም ታስገባለች። የእድሩን ብረት ድስትና ሰሃን በየለቅሶ ቤቱ ስታመላልስ የኖረችውም ይቺው ቆርቆሮ ናት፤ ያኔ ክብርን ያነሳ ሰው ትዝ አይለኝም።

፪. ትልቁ መኪና ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ያለው ቅያስ ውስጥ አልገባ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጭቃውን በእግራቸው እንዲያቋርጡ በማድረግ ለጤናቸው ስላሰቡ ውለታዎ አለብኝ።

፫. የልጅቷ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመች፣ እንደኔዋ ያለች ትንሽ መኪና አይተው፣ ሰው በር ላይ ይህን ጉድ የጣለው የትኛው ምስኪን ነው ብለው ባልደረቦችዎን ስላሳቁም አመሰግናለሁ። ባለመኪናው የልጅቷ አባት አቶ ፍሰሐ እንደሆኑ፣ እንግዳ ሊቀበሉም ከበሩ ጀርባ ቆመው እንደነበር ከየት ሊያውቁ? እንደ ወጉ ቢሆን ተማክረን እንጠብቃችኋለን ብለው ቀጠሮ ይሰጡ ነበር። እሳቸው ግን ያለ ቀጠሮ ሸኟችሁ፤ ይህ ደግሞ እምቢታ መሆኑን ሽማግሌ አያጣውም።

እንድርያስ ልጄ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። አባት የሌለው ልጅ ነውና እርስዎን እንደ አባት ብዬ ነበር የላክሁት፤ አንጀቴ አሯል። ማግስቱን ራሴ በመኪናዬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አቶ ፍሰሐ መጀመሪያ ፊት ነሱኝ፤ ኋላ መኪናዬን አይተው መለዋወጫ ከየት እንደምገዛ ጠየቁኝ። ስለ ቤንዚንና ስለ ጎማ ስናወራ ቆይተን፣ ለመጪው እሁድ ሌላ ሽማግሌ ይላኩ አሉኝ።

ለክብራችን ሲሉ የደከሙትን ድካም ዕድሜ ልኳን የማትረሳው፣
ዲንቄ ገለታ

ማስታወሻ፦ እሁድ ሽማግሌዎቹን የማደርሰው እኔ ነኝ። እርስዎም ቢኖሩ ደስ ባለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ መኪናዋ ጠባብ ሆነችብኝ። የቀረውን አንድ ቦታ ባለቤትዎ ወይዘሮ ትዕግሥት እኔ እሸመግላለሁ ብለው ይዘውታል።